አልሰማ ያለች እጅ

ደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ የሚመጣው መኪና የሚያራግፍበት ቦታ ቆሜ ነበር። ከጣራው ላይ ዕቃ የሚያወርደው ሰው አንድ ጥቅል ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሳያስጠነቅቅ ለቀቀው። ወደ እኔ አልነበረም፤ በግራዬ በኩል ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነው ያለፈው። ግራ እጄ ግን ክርኗን አጥፋ ተነሣችና ፊቴን ከልላ ቆመች። በእጄ ምንም አልያዝኩም። ጋሻ ከጨበጥኩ ዓመታት አልፈዋል። በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሣቀብኝ፤ አንድ ሰው ብቻ አልሣቀም።

«አንተ የጋሼ እንግዳ ተማሪ ነህ» አለኝ።

ሽፈራው ነበር፤ የመሐል ሜዳው ባና ነጋዴ። ከጋሼ እንግዳወርቅ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ነው። እኔ ጢሙ ሸብቶ አላወቅኩትም፤ እሱ ግን በክንዴ አወቀኝ። ሰላምታችንን ገና ሳናደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ አረፉ። ከጥምቀት በኋላ ነው፤ አርባቸውም ወጣ» አለኝ።

ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ፤ ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እጃቸውስ?»

ሽፈራው አየኝ። ከዚያ ጥቅሉን ወደ ግድግዳው ጥግ ጎተተና ተቀመጠበት። «ና ቁጭ በል» አለኝ። «ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ስለ ከብቱና ስለ መሬቱ ነው የጠየቀው። ስለ እጃቸው የጠየቀ አንተ ብቻ ነህ።»

እሱ የነገረኝን ከመንገሬ በፊት ስለ ሰውየው ማውራት አለብኝ።

መሐል ሜዳ የተመደብኩት ሒሳብ ላስተምር ነበር። ዲሬክተሩ ቁመቴን ከእግር እስከ ራስ ለክቶ ስፖርትንም ደረበልኝ። ስለ ስፖርት የማውቀው ፊሽካ መንፋት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፊሽካው ነው። የተከራየሁት ክፍል ከጋሼ እንግዳ ቤት ጓሮ ነበር። ጋሼ ያኔ ሃምሳን የተሻገሩ ይመስለኛል፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። እግሮቻቸው ከጉልበት ወደ ውጭ የጎበጡ ስለሆኑ ሲራመዱ ፈረሱ ከሥራቸው አምልጧቸው የሚፈልጉት ይመስሉ ነበር። ይህንን አንድ ቀን ለቀልድ ብነግራቸው ሳይከፉ፣ «እውነትህን ነው፤ መሬት ለኔ እንግዳ አገር ናት» አሉኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የፈረስ ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ብርዱ የጆሮን ጫፍ የሚቆርጥ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተነጥፏል። ባናዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ አንድ እንጨት ተተክሎ፣ እንጨቱ ላይ ገለባ የታጨቀ ጆንያ ታስሮ፣ ጆንያው ላይ አሮጌ ጋሻ ተንጠልጥሏል። ጋሼ እንግዳ በዳማ ፈረሳቸው ከሜዳው ጫፍ ተነሥተው ይጋልባሉ። ጆንያው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ዘንግ የያዘች ቀኝ እጃቸው ወደ ኋላ ሄዳ ከጆሯቸው አጠገብ ትቆማለች። እዚያው እንደቆመች ጆንያውን ያልፉታል። ፈረሱን አዙረው እንደገና ይመጣሉ። እንደገና እጃቸው ትነሣለች፤ እንደገና ትቆማለች። እስከ ሠላሳ ቆጥሬ እግሬ ሲደነዝዝ ገባሁ። ዘንጉ አንድም ጊዜ ከእጃቸው አልወጣም።

የፈረስ ጉግስ አውቃለሁ፤ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ የሚያባርረው ዘንጉን ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ሳይወረውሩ ጉግስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማፈሩ ለቀቀኝና ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ዘንጉ መቼ ነው የሚወረወረው?»

«መወርወሩንማ ታውቃለች።»

«ማን?»

ቀኝ እጃቸውን አነሡና የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያሳዩ አሳዩኝ። «ይቺ ናት።»

ሽፈራውን ብጠይቀው፣ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሰውየው ጎበዝ ፈረሰኛ ነበሩ፤ አመሉ አልለቀቃቸውም» ብሎ አለፈኝ። እኔም አመል ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቼን ሲያዩ አገኘኋቸው። ከሌላ ወረዳ ትምህርት ቤት ጋር ውድድር ነበረብን፤ እኔም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሩጫውንም፣ ከፍታ ዝላዩንም፣ አሎሎ ውርወራውንም እያፈራረቅኩ ልጆቹን አስጨንቄያቸዋለሁ።

«አስተማሪው፣ ስንት ነገር ነው የምትነግራቸው?»

«የሚወዳደሩበትን ሁሉ ነዋ።»

«አካል ጆሮው አንድ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ንገረው። ቀስ ብለህ ንገረው። ነገም እሱኑ ንገረው። ሲሰለቸው ትንሽ ጨምርበት። ልቡ ሲሄድ ደግሞ አስቁመው፤ ልብ በሌለበት መቶ ጊዜ ቢወረውር መቶ ጊዜ ስሕተት ነው የሚያርስ። የታረሰ ደግሞ ይበቅላል። እጅ ደግና ክፉውን አትለይም አስተማሪው፤ የሰጠሃትን ታስቀምጣለች፣ አንድ ቀን ሳትጠይቃት ታወጣልሃለች።»

የመጨረሻውን ሲናገሩ እኔን አላዩኝም። እንዳሉኝ አደረግኩ። አሎሎን ብቻ ይዘን ከረምን፤ በመጀመሪያ የእግር አቋቋሙን ብቻ፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ክንዱን። ልጆቹ መጀመሪያ ሣቁብኝ፣ በኋላ ዝም አሉ፣ በመጨረሻ ድንጋዩ ራሱ ከእጃቸው በርሮ መሄድ ጀመረ። በሌላው ሁሉ ተሸንፈን በአሎሎ ብቻ አሸንፈን ተመለስን። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያው ሰሞን፣ «ጋሼ፣ ጉግስ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ጋሻ ማንሣት አስተምርሃለሁ» አሉ። «መወርወር አላስተምርም።»

ፈረስ ላይ የወጣሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ በእግሬ ነበር የሚያስተምሩኝ፤ መሣሪያቸውም ኩበት ነበር። ውሃ ይዤ ስመጣ ኩበት ይወረውሩብኛል፤ ደብተር ሳርም ኩበት ይወረውሩብኛል፤ ከቅዳሴ ስመለስ በነጭ ልብሴ ላይ ሳይቀር። ጋሻው በግራ እጄ ነው፤ ማንሣት አለብኝ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ «ኧረ የማነደው አጣሁ! ኩበቱን በሰው ላይ ጨረሱት!» እያሉ ይጮኻሉ። ጋሼ ግን ቀልድ የለባቸውም። «ከዓይን ሥር! ከዓይን ሥር አንሣ፤ ጋሻው ዓይንህን ከሸፈነው ማን ያይልሃል?» ይሉኛል። ልክ ሳደርግ እንኳ አያመሰግኑም፤ «እሱን ድገመው» ብቻ ነው። ሐሳቤ ወደ ሌላ ሲሄድ ከምኑ እንደሚያውቁ አላውቅም፤ ኩበቱን ይጥሉና፣ «በቃ ለዛሬ፤ ልብህ ሄዷል» ብለው ይገባሉ። ከመንፈቅ በኋላ አንድ ቀን እትዬ አስካለ የሰፌድ እንክርዳድ ሲያራግፉ ግራ እጄ ብድግ አለች። እሳቸው ሣቁ። ጋሼ አልሣቁም። «እንግዲህ ያንተ ሆነች» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ ሳይሆን እንደ ፍርሃት ያለ ነገር አየሁ።

የዚያን ፍርሃት ምክንያት ያወቅኩት ቅዳሜ ገበያ ነው። ከጋሼ ጋር በግ ልንገዛ ሄደን፣ አንድ መለሎ ሰው የልጁን ትከሻ ይዞ ከጓሳ በኩል ካመጣው የክዳን ሣር አጠገብ ቆሟል። ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተዋል፤ በቀኙ በኩል ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ጠባሳ ወርዷል። ጋሼ ሲያዩት እርምጃቸው ተቆረጠ። ከዚያ ሄደው ተሳሳሙ። አንገት ለአንገት ስንት ጊዜ እንደተሳሳሙ አልቆጠርኩም። ሰውየው እየሣቀ ስለ ዳማው ፈረስ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ እትዬ አስካለ ወገብ ሳይቀር ጠየቀ። ጋሼ መልስ የሚሰጡት በቁራጭ ነበር። በግ ለማየት ዘወር ሲሉ ሰውየው እጄን ያዘኝ።

«አስተማሪው አንተ ነህ? ተሰማ እባላለሁ። ጓደኛው ነኝ። አሁንም ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ይጋልባል?»

«ይጋልባሉ። ለምንድነው?»

«ዓይኔን የወሰደው እሱ ነዋ» አለ፤ ትላንት ዝናብ ነበር እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። «በጥምቀት፣ በጉግስ። ጨዋታ ነው። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ተኛሁ፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ ያልተኛው። እስቲ አንተ ንገረው፣ የተማርክ ነህ።»

ወደ ቤት ስንመለስ በጉን እኔ እየጎተትኩ ጋሼ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ሳልጠይቃቸው፣ ዘወር ሳይሉ መናገር ጀመሩ።

«ከልጅነት ጀምሮ አንድ ነገር ነበር የምለማመደው። ጋሻ ዝቅ ሲል መወርወር። ጎበዝ ፈረሰኛ ጋሻውን ዝቅ የሚያደርገው ለዓይን ጥቅሻ ነው፤ ያንን ካገኘህ አሸነፍህ። በየቀኑ፣ ልቤን ሰጥቼ፣ ጋሻው ዝቅ ሲል፣ ሂድ። ጋሻው ዝቅ ሲል፣ ሂድ። እንግዳወርቅን የሚያክል የለም ተባለልኝ። የዚያን ዕለት ተሰማ ከፊቴ ይሸሻል፤ የኮርቻው ማሰሪያ ተበጠሰ። ደንቡን ታውቃለህ፤ ጋሻውን ዝቅ አድርጎ መዳፉን ከፍቶ ያነሣ ሰው ከጨዋታ ወጥቷል። ዞሮ ጋሻውን ዝቅ አደረገ። መዳፉንም አነሣ። አየሁት አስተማሪው። አላየሁም ብዬ አልምልም፤ አይቻለሁ። ጋሻው ዝቅ ሲል ግን እጄ ሄዳለች። ተይ አልኳት። ተይ ስላት ዘንጉ መንገድ ላይ ነበር።»

መጀመሪያ አንደኛው ዓይኑ ፈሰሰ፤ ዓመት ሳይሞላ ሌላው ተከተለው።

ያሳበዳቸው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደው አስታርቁኝ ብለው ነበር። ድንጋይ እሸከማለሁ፣ እወድቃለሁ፣ የሚባለውን ሁሉ አደርጋለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹም፣ «ከማን ጋር እናስታርቅህ? የጉግስ ደም አይፈለግም፤ አባቶቻችንም አልፈለጉትም። ተሰማ አልከሰሰህም። ያልተጣላ ሰው አይታረቅም» ብለው መለሷቸው። ተሰማ ራሱ ከት ብሎ ስቆባቸዋል። የነፍስ አባታቸውም ሳታስበው የሆነ ነው ብለው ቀላል ንስሐ ሰጧቸው። ያገሩ ደንብ ደግ ነው፤ ስንቱን ቂም አስቀርቷል። ለጋሼ እንግዳ ግን በር ዘጋባቸው። ማንም ጥፋተኛ ስላላላቸው ማንም ይቅር ሊላቸው አልቻለም።

«ስለዚህ እሷን ልታረቃት ነው» አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብቀው። «እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። ተይ ስላት እንድትቆም። አንድ ጊዜ። በሕያው ሰው ፊት አንድ ጊዜ ከቆመች እተኛለሁ።»

አሁን ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ። ወጣት ነበርኩ፤ ሰው የሚጎድለውን አይቶ እኔ እሞላዋለሁ ማለት የወጣትነት በሽታ ነው። ጆንያ መዳፍ የለውም፤ የሚያስፈልጋቸው ሕያው ሰው ነው፤ እነሆ እኔ አለሁ፣ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ተለማምደው እጃቸው ትስታለች ብዬ አልጠረጠርኩም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል።

ጥር ሊገባ ሲል ፈረስ ላይ አውጥተውኝ ነበር። ደንባችን እኔ እሸሻለሁ፣ እሳቸው ዘንጉን ከጆሯቸው ሳያሳልፉ ያባርሩኛል። በዚያን ጠዋት ግን፣ «ጋሼ፣ ጥምቀት ደርሷል፤ አንድ ጊዜ ከልብዎ ይወርውሩብኝ፤ መመከቴን ልወቅ» አልኳቸው። ብዙ አንገራገሩ። በመጨረሻ ቀጭን ዘንግ መረጡና ተነሡ። ሜዳው መሐል ስንደርስ፣ የፈረሳቸው ትንፋሽ ሲሰማኝ፣ ዞርኩ። ጋሻዬን ዝቅ አደረግኩ። ቀኝ መዳፌን ከፍቼ አነሣሁ።

ዓይኖቻቸውን አየሁ። ዓይኖቻቸው ተይ ይሉ ነበር። ዘንጉ ግን መጣ።

እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ይህን በእውነት እናገራለሁ። ግራ እጄ ናት ያደረገችው። ዘንጉ ከዓይኔ ሥር፣ ጋሻው ላይ ጮኾ ወደቀ።

ጋሼ ከፈረስ ወረዱ። የተናደዱብኝ መሰለኝ፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዘንጉን ከሣሩ ላይ አነሡና ውርጩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። 

«ያንተ ሰማች» አሉኝ። «የኔ አልሰማችም።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በግራ እጃቸው ዝም አሰኙኝ። ወደ ጆንያው ዞሩ። ከዚያ የተናገሩት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ይህን ሁሉ ዓመት የለመድኩት አለመወርወርን ነው፤ ማቆምን አይደለም። ገና ስነሣ አልወረውርም ብዬ ነው የምነሣ። ሊወረውር ያልተነሣ እጅ ምኑን ያቆማል? የተማርኩት ሌላ ነገር ነው አስተማሪው። የተማርኩት ሌላ ነገር ነው!»

ከእኔ ጋር ዳግመኛ አልጋለቡም። በማግሥቱ ጠዋት የፈረሱን ኮቴ ስሰማ ወጣሁ። እትዬ አስካለ ከጆንያው ራቅ ብለው ውርጩ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጋሼ አሁን ከልባቸው ሊወረውሩ ነው የሚመጡት። እትዬ አስካለ አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ ያኔ ዘንጉ ጋሻው ላይ ይጮኻል። አንዳንዴ ደግሞ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ነጠላውን እንደ ተከፈተ መዳፍ ብድግ ያደርጉታል። ያኔ የጋሼ እጅ መቆም አለባት። አልቆመችም። ዘንጉ ሄደ። ጋሼ ወርደው አነሡት፤ ተመልሰው ተነሡ። አልቆመችም። እትዬ አስካለ ነጠላውን ባወረዱ ቁጥር ዓይናቸውን ይጠርጉበት ነበር።

ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው በግራ እጃቸው ጨበጡኝ። አንድ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጀምሬ ቀደድኩት። እንዴት ነዎት ብዬ ለመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ተማሪ ሊጠይቅ መዳፉን ሲያነሣ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ስንት ጊዜ ያ ዘንግ መጥቶብኛል።

ሽፈራው የባናው ጥቅል ላይ ተቀምጦ የነገረኝ ይህን ነው።

ባለፈው ክረምት ጋሼን ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። ከዚያ ወዲህ ነገር እየጠፋባቸው ሄደ፤ መጀመሪያ የቀን ስም፣ ከዚያ የሰው ስም፣ በመጨረሻ እትዬ አስካለን «ይቺ ደግ ሴትዮ» ይሏቸው ጀመር። ቀኝ እጃቸው ብቻ ሥራ አልፈታችም። ባና ለብሰው ተኝተው፣ ሳያስቡት ትነሣለች፤ ወደ ጆሯቸው ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ፊት ትወረወራለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ዘመድ ጠበል አመጣ፣ ሊያስራት የፈለገም ነበር።

«አንድ ቀን» አለኝ ሽፈራው፣ «እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ሊያጣፉ ብድግ ሲያደርጉት፣ እጅየዋ አየር ላይ ቀጥ አለች። እኔም እዚያው ነበርኩ። እትዬ አስካለ ጮኹ። ነጠላውን ሲያወርዱት ወረደች። ስትነሣ ጠብቀው ነጠላውን አነሡት፤ ቆመች። ደግመው አነሡት፤ ቆመች። ጋሼ ጣራውን ነው የሚያዩት፤ የሚሆነውን አያውቁም። በዚያኑ ቀን ሰው ላክን፤ ተሰማን አስመጣነው።»

ተሰማ በልጁ ተመርቶ ገባ። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ በዳሰሳ የጋሼን ቀኝ እጅ አንጓ ያዘ። እትዬ አስካለን፣ «እስቲ ነጠላሽን» አላቸው። እጅየዋ በተሰማ ጣቶች ውስጥ ተነሣች፤ ወደ ጆሮ ሄደች፤ ልትሄድ ስትል፣ ነጠላው ከፍ ሲል፣ ቆመች። ተሰማ እስኪተማመን ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ከዚያ የጠፉት ዓይኖቹ እንባ አወረዱ።

«ቆመች እኮ እንግዳ!» አለ። «ቆመችልህ! በል እንግዲህ ተኛ!»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ማነህ አንተ?»

«ተሰማ ነኝ።»

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። እንግዳው ሰው እንዳይከፋው የፈለጉ ይመስል በትሕትና፣ «አላወቅኩህም፣ ወንድሜ» አሉት።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ተሰማ ግን ያቺን እጅ አልለቀቃትም። ወደ ፊቱ አምጥቶ፣ ከጠባሳው ላይ፣ ዓይኑ ከነበረበት ቦታ ላይ አሳረፋት።

«አንተ አትወቀኝ» አላቸው። «እሷ አውቃኛለች።»